ከክርን በላይ

ያን ቀን ጠዋት መስታወት ፊት ቆሜ ራሴን አላወቅኳትም። የሁለቱም ዓይኖቼ ቆብ አብጦ ተደፍኗል፤ በቀኙ በኩል ክር የምታህል ቀዳዳ ተርፋልኛለች፣ በእሷ ነው የማየው። አንገቴ ከጆሮዬ ሥር ጀምሮ ቀልቷል። ማሳከኩንስ ተዉት! ብታኩት ይብሳል፣ ባታኩት ታብዳላችሁ። ተቀመጥኩ፣ ተነሳሁ፣ መስኮት ከፈትኩ፤ የኸምሲኑ ትኩስ ንፋስ ፊቴን ሲገርፈኝ መልሼ ዘጋሁት። እንደገና መስታወቱ ጋ ሄድኩ፤ ያው ነኝ።

እናቴ በሩን ገፋ አድርጋ አየችኝና እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ሱብሃነላህ! ደግሞ መጣብሽ?»

«መጣብኝ።»

«በቃ! ነገ በባቡሩ ድሬ ትገቢያለሽ። ከዚህ በኋላ እዚህ ከተማ አላቆይሽም፤ ልጄን ከማጣ ናፍቆቷን እችላለሁ።» ሻንጣዬን ከቁም ሳጥኑ አናት ላይ አወረደችውና አልጋዬ ላይ ከፍታ አስቀመጠችው።

ታሪኬን ከመሃሉ ላይ ላገኛችሁት ላሳጥርላችሁ። ናዒማ እባላለሁ። አባቴ ሐጂ ጀላሉዲን በዚህ የወደብ ከተማ፣ ካርቲየ 4 በሚባለው ሰፈር ውስጥ የመዋቢያ ዕቃ ሱቅ አለው፤ ሳሙናው፣ ሽቶው፣ ክሬሙ፣ የጥፍር ቀለሙ በካርቶን ይገባል፣ በፍሬ ይወጣል። የምንኖረው ከሱቁ በላይ ነው። እናቴ ሐጃ ጀዋሪያ የድሬዳዋ ነጋዴ ልጅ ናት፤ የሰው ዘር እስከ ሰባት ቤት ትቆጥራለች። እኔ ደግሞ፣ አላህ ሲፈርድብኝ፣ ሙክታርን ወደድኩ። ሙክታር ዕቃችንን ከወደብ በሚያስለቅቅልን ትራንዚተር ቢሮ ውስጥ ነው የሚሠራው፤ በየጊዜው የዕቃውን ወረቀት ይዞ ሱቅ ይመጣል። አባቱ ወደብ ላይ ጆንያ ሲሸከም ኖሮ ሞተ፤ ያደገው አርሂባ በሚባለው የድሆች ሰፈር ነው። እናቴ በስሙ ጠርታው አታውቅም። «የኩሊው ልጅ» ነው የምትለው፣ እሱ ፊት ለፊት ቆሞ ሳለ እንኳ።

እሷ የምትፈልግልኝ ኒዛርን ነው። ኒዛር ድሬዳዋ ሱቅ አለው፣ መኪና አለው፣ ድምፅ ግን የለውም፤ አጠገቤ ተቀምጦ አንድ ብርጭቆ ሻይ ጠጥቶ እስኪጨርስ አንድ ቃል አይወጣውም።

የፊቴ ነገር የጀመረው ከረመዳን ወዲህ ነው። በየወሩ ይመጣል። የሚመጣው ደግሞ ሶላት በማልሰግድባቸው ቀናት ነው፤ ሴት የሆናችሁ ገብቷችኋል፣ ወንዶቹ እለፉት። የቆዳ ሐኪም ጋ ሄድኩ፤ «አለርጂ ይመስላል፤ ፊትሽን ምን ትቀቢያለሽ?» አለኝ። ምንም አልቀባም። እሱ ስላለ ግን ኩሉንም ጣልኩት፣ ሻምፑውንም ጣልኩት፣ ሳሙና ቀየርኩ፣ ኋላም በባዶ ውሃ መታጠብ ጀመርኩ። የመዋቢያ ሱቅ ልጅ ሆኜ የገዳም ሴት መሰልኩ። ወሩ ሲደርስ ያው ፊቴ እንደ ዱባ ይነፋል።

እናቴ ግን ሐኪም አላስፈለጋትም። «ሶላት የሌላት ሴት በሩ እንዳልተዘጋ ቤት ናት» አለች። «የሰው ዓይን የሚገባው ያኔ ነው። ባንኮኒው ላይ ተደግፎ የሚያፈጥብሽ ማነው? ያ የኩሊው ልጅ ዓይኑ ከባድ ነው።» ቁርኣን የተቀራበት ውሃ ፊቴ ላይ እየረጨች ስንት ወር ገፋን። ባለፈው ወር፣ «ድጋሚ ካበጠ ድሬ አክስትሽ ጋ ትሄጃለሽ፤ ኒካሁም እዚያው ይታሰራል» ብላ አባቴን አስምላዋለች። አባቴ ለጫት በርጫው እንዳይረፍድበት «እሺ፣ እሺ» አለ፤ በእሱ እሺታ የኔ ሕይወት ተሸጠ።

*

ከሰዓት በኋላ ጫቱ ገብቶ ከተማው ጸጥ ሲል ወደ ሱቁ ወረድኩ። ለአክስቴ ስጦታ ሳሙናና ሽቶ ምረጪ ተብዬ ነው። የሱቁ መዝጊያ እስከ ወገቡ ወርዷል፣ ማራገቢያው ይጮሃል፣ እኔ ኒቃቤን ለብሼ አንዱን ካርቶን ከፍቼ እዘጋለሁ፣ ሌላውን እከፍታለሁ። ምን እንደምፈልግ አላውቅም። አንድ ሽቶ አነሳሁ፤ ሳላሸተው መለስኩት። ነገ በዚህ ሰዓት የት እሆን ይሆን?

አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ በመዝጊያው ሥር ገባ። ሙክታር ነው። ሸሚዙ በላብ ጀርባው ላይ ተጣብቋል፤ ከወደብ በእግሩ እየሮጠ እንደመጣ ያስታውቃል። በእጁ ወረቀት የለም።

«ነገ ትሄጃለሽ?» አለኝ፣ ሰላም እንኳ ሳይል።

«ማን ነገረህ?»

«ባቡር ጣቢያ የሚያደርሳችሁ ባለታክሲ የሰፈሬ ልጅ ነው። ስልክ ብደውል አታነሺ፣ መልእክት ብልክ አትመልሺ። እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

«ወደ ኒዛር?»

«ወደ አክስቴ።»

«አክስት ጋ ለመሄድ ነው ጥፍር እንዲህ የሚቀላው?»

እጄን ከባንኮኒው ላይ ሳብኩት። ከትናንት ወዲያ የተቀባሁት ደማቅ ቀይ ነው፣ እሱ የሚወደው የመሰለኝን መርጬ። ምላሴ ላይ ስንት ነገር መጣ፤ ግን ይህን ያበጠ ፊት ገልጬ ልናገር? ሞቼ ነው! እንዲያይብኝ ስላልፈለግኩ አይደል በየወሩ የተሸፈንኩት?

«አቦ ተወኝ ሙክታር፣ ሂድ!»

«አልሄድም። ዛሬስ ተናግሬው ይውጣልኝ።» ባንኮኒውን በመዳፉ መታ። «እኔ ከዚህ ባንኮኒ ወዲህ ቆሜ ሌላ ምን አለኝ? ማየት ብቻ ነው ያለኝ። ሌላ ጊዜ ጥፍርሽ ባዶ ነው፣ ፊትሽ ክፍት ነው፣ ትስቂልኛለሽ፣ ትቀልጂብኛለሽ። ከዚያ አንድ ቀን ስመጣ ጥፍርሽ ቀልቷል። ሞኙ እኔ ለኔ ነው ብዬ ደስ ይለኛል። በነጋታው ወይ በሳልስቱ ስመጣ ኒቃብ! ሰላምታ የለ፣ ቀና ማለት የለ። ቀለሙ ሲለቅ ፊትሽም ይመለሳል። በየወሩ እንዲሁ ነው፣ ተሳስቶ እንኳ ቀርቶ አያውቅም። ለማን ነው የምትቀቢው ናዒማ? ለኒዛር ተውበሽ ከኔ ትሸፈኛለሽ?»

በጥፊ ላጮለው እጄን አነሳሁ። እጄ አየር ላይ ቀረ።

«ምን አልክ?»

«የሰማሽውን።»

«ድገመው እስቲ። ቀለሙ ሲለቅስ?»

«ሲለቅ ፊትሽን አያለሁ» አለ ግራ ገብቶት። «ሲቀላ ትሸፈኛለሽ።»

ባንኮኒውን ይዤ ቆምኩ። እሱ ምን እንደተናገረ አያውቅም። እናቱ በአራስነቱ ነው የሞተችው፤ እህት የለውም፤ ያሳደጉት የወደብ ወንዶች ናቸው። እህት ያለው ሰው ቢሆን ኖሮ ይህን አይቶ እንዳላየ ያልፍ እንጂ አፉን ሞልቶ ለሴት አይናገረውም ነበር። የጥፍር ቀለም ውሃ አያስገባም፣ በእሱ ላይ ውዱእ፣ ከሶላት በፊት ያለው ትጥበት፣ አይሆንም፤ ስለዚህ እኛ ቤት ያለን ሴቶች የምንቀባው ሶላት በሌለብን ቀናት ብቻ ነው፤ እኔ ደግሞ መቀባት የጀመርኩት ከረመዳን ወዲህ ነው። ሁለቱ ነገሮች በየወሩ እጅ ለእጅ ተያይዘው ይመጡ ነበር። እኛ ግን የሶላቱን ቀን ብቻ አይተን ጥፍሩን ረሳነው። ጥፍሬን አያሳክከኝ፣ አያብጥብኝ፤ ማን ይጠረጥረዋል?

«አንተ ሰውዬ» አልኩት፣ ሳቅና ለቅሶ አንድ ላይ እየመጣብኝ፣ «እየው እንግዲህ፣ ለማን እንደምሸፈን!» ብዬ ኒቃቡን ወደላይ ገለጥኩት።

ያየኝ ጊዜ አንድ እርምጃ ወደኋላ አለ። ከዚያ ያ እርምጃ እንዳሳፈረው ሁሉ ሁለት ወደፊት መጣ። እጁ እስከ ጉንጬ አጠገብ ደርሶ ሳይነካኝ ቆመ።

«ማነው እንዲህ ያደረገሽ?»

«ይሄ ነዋ!» ጥፍሮቼን ፊቱ ላይ ዘረጋሁለት። «ላንተ ብዬ የተቀባሁት! ለኒዛር? ኒዛር ጥፍር እንዳለኝም አያውቅ! አንተ ታየኛለህ ብዬ እቀባለሁ፣ ፊቴ ያብጣል፣ አንተ እንዳታየኝ እሸፈናለሁ። በየወሩ እንዲሁ ስቃጠል ከረምኩ፤ አንተ ደግሞ ቆመህ ትቀናለህ!»

መደርደሪያው ላይ የተደረደሩትን ብልቃጦች አየ፤ እኔን አየ። «እነዚህን ከወደብ ያስለቀቅሁት እኮ እኔ ነኝ» አለ ቀስ ብሎ። «በገዛ እጄ።» ዓይኑ እንባ ሞላ። እኔም እንደዚያ ቀን አስቀያሚ ሆኜ አላውቅም፣ እንደዚያ ቀንም ተወድጄ አላውቅም፤ ልቤ ማበጡን ረሳው።

ከላይ የእናቴ ነጠላ ጫማ ደረጃው ላይ ቸብ ቸብ አለ። «ሂድ!» አልኩት። በመዝጊያው ሥር ሲወጣ ዞር ብሎ አየኝ፤ ያ ከባድ የተባለው ዓይኑ አሳዘነኝ።

*

እናቴ ስትደርስ ካርቶን ላይ ተቀምጬ ጥፍሬን በማስለቀቂያ እየፈተግኩ ነበር። ያገኘሁትን ነገርኳት፤ ቃላቱ እርስ በርስ እየተጋፉብኝ፣ ሦስቴ እየደጋገምኩ።

«ይሄን ማን አለሽ? ሐኪሙ ነው?»

አዎ ብል ያልቅ ነበር። ራሴ ደረስኩበት ብልም ያልቅ ነበር፤ እድናለሁ፣ እሷም «ያን ልጅ ከሱቁ ስናርቀው ዳነች» ብላ ለጎረቤት ሁሉ ታወራለች፣ የዓይኑ ነገርም እስከ ዕድሜ ልኩ ጀርባው ላይ ተለጥፎ ይቀራል። እውነቱን ብናገር ደግሞ አንድ ወንድ በየወሩ የልጇን ጥፍር ሲያይ መክረሙን ልነግራት ነው። አሁን ካልሆነ መቼ ነው?

«ሙክታር ነው።»

«የቱ ሙክታር?»

«የምትይው... የኩሊው ልጅ።»

ከፊቴ ካለው ካርቶን ላይ ዝርፍጥ አለች። «ወይ ጉድ! የልጄን ቀን ቆጠረ በይኛ!»

«ቀን አልቆጠረም እማ። ያየው ጥፍሬን ነው። የቀኑን ነገር አያውቀውም፤ የምትነግረው እናት የለችውም።»

እናቴ የሻሽዋን ጫፍ ጠመዘዘች። ወዲያው ግን ጥርጣሬዋ ተመለሰባት። «እንዳትሄጂ የዶለታችሁት ነው። ሰው እንዴት ጥፍሩን ተቀብቶ ዓይኑ ያብጣል? ራስ ምታት የያዘው እግሩን ያሻል እንዴ?»

«እንግዲያው እንሞክረው» አልኳት። ከየት እንደመጣልኝ እንጃ፣ እንደ ነጋዴ ልጅ መደራደር ጀመርኩ። «ነገ ታጥቤ ሶላት እጀምራለሁ። ዓይኔ ሲሽር፣ አንድ ወቅት ሳላስተጓጉል እየሰገድኩ ሳለ፣ አንቺ እንደምትዪው በሩ ተዘግቶ ማለት ነው፣ አንቺ በእጅሽ ይሄን ቀለም ከክርኔ በላይ ቀቢኝ። ውዱእ እዚያ አይደርስም። ሙክታር ደግሞ እስከዚያ ድርሽ አይልም። ክንዴ ደህና ከሆነ ዓይን ነው፤ በራሴ እግር ባቡር እገባለሁ፣ ኒዛርንም እሺ እላለሁ።»

«ከቀላስ?»

«ከቀላ፣ ያን ሰው በስሙ ትጠሪዋለሽ።»

ብዙ ነገር እጠይቃለሁ ብላ ጠብቃ ነበር መሰለኝ፣ ግራ ተጋብታ አየችኝ። ሻንጣዬ አልጋዬ ላይ እንደተከፈተ ሰነበተ።

*

ዓይኔ በተገለጠ ማግስት፣ ከዓስር ሶላት በኋላ እናቴ እጅጌዬን ሰበሰበችና ሳንቲም የምታህል ቀይ ክብ ክንዴ ላይ ቀባች፤ ቢስሚላህ ብላ፣ ልክ መድኃኒት እንደምታደርግልኝ። ከዚያ መጠበቅ መጣ።

በመጀመሪያው ቀን ምንም የለም። በሁለተኛውም ምንም የለም። መቶ ጊዜ እጅጌዬን ገልጬ አየሁ፤ ክንዴ እንደ ሕፃን ክንድ ሰላም ነው። በሕይወቴ ጤና እንዲህ አስጠልቶኝ አያውቅም። ሰገነቱ ላይ ወጣሁ፣ ወረድኩ፤ ደንበኛ ሳሙና ሲጠይቀኝ ሽቶ ሰጠሁት። ለሙክታር መልእክት ጻፍኩና ሳልልከው አጠፋሁት፤ ምን ልበለው? «እባክህ እንዲያሳክከኝ ዱዓ አድርግልኝ» ይባላል? አመሻሽ ላይ እናቴ ከድሬ አክስቴ ጋር በስልክ ስታወራ ሰማኋት፤ «ምንም የለም፣ ከነገ ወዲያ ትመጣለች» ስትል። የራሴ ምላስ ነው የሸጠኝ። ማን ተደራደሪ አለኝ? እንባዬን በእጅጌዬ ጠረግኩ፣ ያቺን ደህና ክንድ በጥርሴ ብነክሳት ደስ ባለኝ።

በነጋታው ጎህ ሲቀድ ከእናቴ ጎን ቆሜ ፈጅር ስሰግድ፣ ግንባሬን ደፍቼ ሱጁድ ላይ ሳለሁ አንዲት ነገር ውር አለችኝ። ልብሴ ነው አልኩ። ተነስቼ ስቀመጥ እንደገና መጣች፣ አሁን በደንብ፤ ከክርኔ በላይ፣ ሞቅ ብላ። ያ የማውቀው ማሳከክ! ሶላት ላይ ነኝ፣ አልነካትም፤ ሰውነቴ ሁሉ እዚያች ቦታ ላይ ሄዶ ተሰበሰበ። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ አፌ ተሸሁድ ሲቀራ ልቤ እልልታ ያቀልጥ ነበር።

አሰላምተን ሶላቱን ከጨረስን በኋላ ሳልናገር እጅጌዬን ሰበሰብኩላት። በቀለሙ ዙሪያ ቆዳዬ ቀልቶ፣ ተነፍቶ፣ ጥቃቅን ውሃ የቋጠሩ ነጥቦች አውጥቷል።

እናቴ መስገጃዋ ላይ እንዳለች ብዙ አየችው። መዳፏን ጫነችበት። «ይሞቃል» አለች። ከዚያ ጣቶቼን አንድ በአንድ እያገላበጠች፣ «ስንት ወር ሙሉ ፊትሽ ላይ ውሃ ስረጭ ከረምኩ፤ እጅሽን እንዴት ሳላይ ቀረሁ?» አለች። «ባዳ አየው፣ እኔ እናትሽ ሳላይ!» አቀፍኳት። የሚያሳክከው ክንዴ አንገቷ ላይ ነበር፣ ግን አላነሳሁትም።

የዚያን ዕለት ሐኪሙ ጋ አብረን ሄድን። «ስለ ፊትሽ ብቻ መጠየቄ የኔ ስህተት ነው» አለን። ቀለሙ ውስጥ እንዲጣበቅ የሚያደርግ ሙጫ መሰል ነገር አለ፤ ጥፍር ደንዳና ስለሆነ አይሰማውም፣ የዓይን ቆብና አንገት ግን ስስ ናቸው፤ ሰው ሳያውቀው በቀን ስንት ጊዜ ፊቱን እንደሚነካ ቁጥር የለውም አለ። እናቴ ወጥተን ታክሲ ስንይዝ፣ «ለድሬ እኔ እደውላለሁ» አለች እንጂ ሌላ አልተናገረችም። ስሙንም አልጠራችም። እኔም አልጠየቅኳት፤ ውስጤ ግን አላረፈም።

*

ከሁለት ቀን በኋላ አዲስ ካርቶን ወደብ ደረሰ፤ ወረቀቱን የሚያመጣ ሰው መምጣቱ አይቀርም። ከጠዋት ጀምሮ ባንኮኒውን ወልውዬ ጨርሼ እንደገና ወለወልኩ። ፊቴ ክፍት ነው፣ ጥፍሬ ባዶ ነው። እናቴ ከጥግ ባለው ወንበር ላይ ተቀምጣ መቁጠሪያዋን ታንከባልላለች። መውረዷ ያልተለመደ ነው፤ ልትጠብቀኝ ይሁን ልትጠብቀው አላወቅኩም።

ሙክታር መጣ። መጣ ይባላል? ከመንገዱ ማዶ ቆመ። ለካ የቢሮ ጓደኛው አቡዘር፣ የአምስት ሴት ልጆች አባት፣ ሙክታር ያን ቀን ሱቅ ውስጥ ሳያውቀው ስለ ምን ሲለፈልፍ እንደነበር አስረድቶታል! ጆሮው ድረስ ቀልቶ፣ ፀሐይ እየወቀጠችው፣ ወረቀቱን ደረቱ ላይ ይዞ ጫማውን ያያል። ያ ዓይኑን ከእኔ ላይ የማያነሳ ሰው አንገቱን ደፍቷል። ቀና በል ልለው አሰብኩ፤ እናቴ አለች። ወረቀቱን ለጎረቤታችን ባለሱቅ ሰጥቶ ሊሄድ ሲዞር ልቤ አብሮት ዞረ።

እናቴን አየኋት። እሷም እሱን እያየች ነው። መቁጠሪያዋ ቆሟል። ከንፈሯ ተላቀቀ፣ ተመልሶ ገጠመ፤ ጉሮሮዋን ጠረገች። እኔ ባንኮኒውን በሁለት እጄ ጨበጥኩ።

«ሙክታር!»

እሱ ወደኋላው ዞሮ ተመለከተ፣ ሌላ ሙክታር የተጠራ መስሎት።

«አንተን እኮ ነው፣ ሙክታር!» አለች እናቴ፣ እንደ መቆጣት እያለች፣ ከወንበሯ ብድግ ብላ። «በዚህ ፀሐይ ምን ይገትርሃል? ግባ እንጂ ልጄ።»

ጎንበስ ብሎ ገባ። ቀና ሲል ዓይኑ መጀመሪያ ያረፈው ጥፍሬ ላይ ነው፣ ቀጥሎ ፊቴ ላይ። የዓይኔ ቆብ ሞቀኝ፣ ሁሉም ነገር ብዥ አለብኝ፤ ይሄኛው ግን አያሳክክም ነበር።